ያልደነበረው ፈረስ

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ዳማ ፈረሳችን ጭምት ዛሬ ጠዋት የውኃ ገንዳውን በግንባሩ መታው። ገንዳውን ከቦታው ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ትናንት ከሥሩ ልጠርግ ብዬ ጎትቼው መመለሱን ረሳሁት። ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ሰው ሲተኛ ዕቃውን ቢያዛውሩበት ማን የማይጋጭ አለ? እኔ ራሴ በእትዬ በርጩማ ስንቴ የእግሬን ጣት መትቻለሁ።

ጋሼ ገንዳው ከቦታው መነሳቱን ሲያዩ ግን አበዱ። «በዚህ ጋጣ ውስጥ ዕቃ ከቦታው አይነሳም ብዬሻለሁ! ባልዲም ቢሆን! መጥረጊያም ቢሆን!» ጋሼ የታላቅ እህቴ የእትዬ ባል ናቸው፤ ፈረሶቹም ቤቱም የእሳቸው ነው። ሥርዓት ይወዳሉ። የሚገርመው ሥርዓታቸው ከጋጣው አልፎ አለመውጣቱ ነው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ኮፍያቸው ወለል ላይ ይጣላል፣ ጫማቸውም አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ነው፤ እትዬ ስታነሳ ትውላለች።

የጭምት ግንባር ትንሽ አብጧል። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሬ ያዝኩለት። ዝም ብሎ ቆመ። እሱ መቼ ያማርራል።

ጥር 9፣ ዓርብ

እንግዳ በዛ። ድምፄ ተዘግቷል።

እንደ ወትሮው አሸዋው ላይ አሰልፌ ዲስኩሬን ለቀቅኩት። «ፈረስ ላይ ወጥቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ! ጎሽ፣ አንቺ ነይ። ይሄ ጭምት ይባላል። በዕድሜው ደንብሮ አያውቅም። ማዕበል ቢመጣ፣ ውሻ ቢጮህ፣ የሰው ጃንጥላ በነፋስ ቢበር ግድ የለውም። ያንቺ ሥራ ኮርቻውን ይዞ ባሕሩን ማየት ነው፤ ሌላውን ለእሱ ተዪለት።» ይህን ስል ሁሌም ይስቃሉ። ፈሪዎቹም ትከሻቸው ይረግብና ይወጣሉ።

አንድ ጠያቂ አይጠፋም መቼስ። መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ ሚስቱን ጭምት ላይ አስቀምጬለት፣ «ሌሎቹ ፈረሶች አረፋው እግራቸው ሥር ሲመጣ ይዘላሉ፤ ይሄኛው ለምን አይፈራም?» አለኝ። «አመል ነዋ» አልኩት። «ሰውስ አንዱ ፈሪ አንዱ ደፋር አይደል?» አመነኝ።

ስለ ቃጭሉ ግን የጠየቀ የለም። ወይዘሮ የምትባለዋ ባዝራ አንገት ላይ ቃጭል አለ። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፣ ጭምት በቃጭሉ ድምፅ ኋላ ኋላ ይከተላል፤ እኔ ገመዱን ይዤ ከጎኑ እያወራሁ እሄዳለሁ። ቃጭሉን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለጋሼ «ለእንግዶቹ ደስ ይላል» ብያቸው ነበር። ወይዘሮ ያኔ ጥላዋን የምትፈራ ስለነበረች «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ!» ብለው ሳቁብኝ። በኋላ ቃጭሉ ተበጥሶ ባሕር ውስጥ ሲቀር ግን፣ ሳልጠይቃቸው፣ በዚያው ቀን ገበያ ወርደው ሌላ ገዝተው መጡ። እርጅና ሰው ያለዝባል።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ያረጀ ፈረስ የሚሰበስበው የመኪናው ሰውዬ ጎረቤታችን ጋ መጥቶ አንዲት ቡላ ባዝራ ጭኖ ሄደ። ጉልበቷ ተበላሽቶ ነበር። የት እንደሚወስዳቸው የዚህ ዳርቻ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ግን ስናወራ «ወደ ላይ ሄደች» ነው የምንለው፣ ላይ ሣር ያለ ይመስል።

ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩ ቆዩና «መሥራት ያቃተው ፈረስ ነገ የእሱ ነው» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ።

ጭምት ግን ይሠራል። ከሁሉም በላይ የሚፈለግ እሱ ነው። ልጅ ይዘው የሚመጡ፣ አሮጊት ይዘው የሚመጡ፣ «ለጀማሪ የሚሆን አላችሁ?» ነው ጥያቄያቸው። ዓይኑ ትንሽ ደብዝዞ ከሆነ ደብዝዞ ነው። የእኔስ መቼ መርፌ ክር ያስገባል?

ጥር 15፣ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከባሌ ቤት ወጥቼ እዚህ የመጣሁ ቀን ትዝ አለኝ። እትዬ በር ላይ አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ ጋሼ ደግሞ ከኋላዋ ቆመው ሻንጣዬን ያያሉ። «ምን ትችያለሽ?» አሉኝ። «ማውራት» አልኳቸው። እትዬ ደንግጣ ቆነጠጠችኝ፤ እሳቸው ግን ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ጭምትን ያዢ፤ ወሬ ይወዳል» አሉ። እውነትም ይወዳል። ሌሎቹን ፈረሶች እስከ ዛሬ እፈራቸዋለሁ፤ ወይዘሮም ሁለቴ ነክሳኛለች። ከጭምት ሌላ እዚህ ግቢ ውስጥ እኔን የሚሰማ ፍጥረት የለም። እሱ ከሌለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? እትዬ እህቴ ናት፣ አታስወጣኝም። ሳልሠራ መብላት ግን እንዴት ይዋጥልኛል።

ይሄ ወቅት ብቻ በሰላም ይለቅ። እንግዶቹ ሲሄዱ ያርፋል፤ ዓይኑም ይሻለው ይሆናል።

ጥር 22፣ ሐሙስ

የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ኮቴ አየ፣ ጥርስ አየ፣ ወይዘሮን መርፌ ወጋ። ጭምት ጋ ሲደርስ የኪስ ባትሪውን አወጣ።

«ይሄ ዓይኑ ላይ ያለው ነጭ ምንድን ነው?»

«ዝንብ ነድፎት ነው።»

«ሁለቱንም?»

«ዝንብ መቼ አንድ ሆኖ ይመጣል ዶክተር?»

ሳቀና «ለመሆኑ ያያል?» አለኝ።

«ከእኔ በላይ ያያል! ዋሽቼ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

ባትሪውን ሊያበራ ሲል ጋሼ ከበር ላይ ተጣሩ። ሻይ ቀዝቅዞብዎታል፣ ሌላም ቦታ ይጠበቃሉ ብለው ይዘውት ወጡ። ጋሼ ለሐኪም ሻይ ሲያቀርቡ የዛሬው የመጀመሪያቸው ነው፤ እግዜር ነው ያወጣኝ።

ከሄደ በኋላ አልቅሺ አልቅሺ ሲለኝ መሐረቤን አውጥቼ በጭምት ዓይን ፊት ወዲያና ወዲህ አደረግኩት። አልተንቀሳቀሰም። ደክሞት ይሆናል። እኔም ሲደክመኝ ሰው እያወራኝ አላይም።

ዓይኔ ሲያሳክከኝ አደረ። የማልኩት መሐላ ነው መሰለኝ።

ጥር 30፣ ዓርብ

ዝናብ። ነፋስ። ሥራ የለም። ባሕሩ እንደ በሬ እያጓራ ነው የሚያድረው። የጋጣው ጣሪያ በአንድ ጥግ ተገንጥሏል፤ ከእትዬ ጋር ድንጋይ ጭነንበት መጣን። እትዬ ወደ ጭምት ክፍል ስትገባ እንደ ወትሮዋ ከሩቁ ጀምራ አጎራጎረች። ወደ ሌሎቹ ስትገባ ዝም ነው የምትለው። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ እጠይቃታለሁ።

ግድግዳው ስስ ነው። ማታ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ይሄ ወቅት ይለቅ» አሉ ጋሼ።

«ከዚያስ?» አለች እትዬ።

«ከዚያማ ያው ነው። እስከ መቼ ይደበቃል?»

«ልጅቷስ?»

ጋሼ የመለሱትን አልሰማሁም፤ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበው ነበር። ቢሰማኝም አልጽፈው። ልጅቷ የሚሉት እኔን ነው፤ ሽበቴን ሳይቆጥሩ።

የካቲት 3፣ ሰኞ

አባራ። ጠዋት ብቻዬን ዳርቻውን ሄጄ አየሁት። ሌላ አገር ሆኗል። ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት ጋ፣ ድሮ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ የነበረው አሸዋ ተቆርጦ ወድቋል። ገደል ማለት ይከብዳል፤ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ ጭኔ ነው። ዓይን ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ ዘልሎ ይወርደዋል።

ጭምት ይህን መንገድ በልቡ ነው የሚያውቀው፤ በድሮው መልክ።

ወስኛለሁ። ከወንዙ ሳንደርስ እንመለሳለን። ለጋሼ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ግን ነገሩ ከተነሳ «ለምን ፈራሽለት?» ይሉኛል፤ ያኔ ምን እላለሁ? እኔ ገመዱን ከያዝኩ ምን ይመጣል።

የካቲት 7፣ ዓርብ

አንዲት ሴት ከባሏ ጋር መጥታ ለነገ ያዘች። ልብስ ሰፊ ናት። ጠየቅኳት እንጂ ሳልጠይቃትም ማወቅ እችል ነበር፤ ጣቷ ጫፍ ላይ በመርፌ የጠነከረ ቆዳ አለ። ባሏ አውቶቡስ ነጂ፣ ሳቂታ፣ ሳይቀልድ አፉ የማይከደን ሰው ነው። ከተጋቡ ጀምሮ ለሽርሽር ብለው ከቤት ሲወጡ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

«እህቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይጥለኛል?» አለችኝ።

«ማን? ጭምት? እሱ ሰው ከሚጥል እኔ ብጥልሽ ይቀላል።»

«ፈረስ በቅርብ አይቼ እንኳ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ የማየው ግድግዳና መርፌ ነው። ባሕሩን ከፍ ብዬ ልየው ብዬ ነው።»

ባሏ ከኋላ ሆኖ «ከፍ ማለት ከፈለግሽ እኔ እሸከምሽ የለ እንዴ!» አላት። በቦርሳዋ መታችው።

እጇን ይዤ የጭምት አንገት ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ልትነጥቀኝ ነበር፤ ቀስ እያለች ተወችልኝ። ጭምት ወደ እሷ ዞሮ በእጇ ላይ ተነፈሰ። «ያየኛል» አለች፤ ደስ ብሏት።

«በእኔ ይሁንብሽ» አልኳት።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ወደቀች። ክሊኒክ ወስደዋታል። እጇ። ጋሼ ከባሏ ጋር ሄደዋል።

ጭምት ጉልበቱ ተልጧል፣ ቆሟል፣ ደህና ነው።

እትዬ አታናግረኝም። እኔም አላናግራትም።

የካቲት 8፣ ማታ

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። ለማንም ባልናገር እዚህ ይቀመጥ።

መንገዱ መልካም ነበር። ባሏ ወይዘሮ ላይ፣ እሷ ጭምት ላይ፣ እኔ በእግሬ ገመዱን ይዤ። መጀመሪያ ኮርቻውን በሁለት እጇ አንቃ ይዛው ነበር። ትንሽ እንደሄድን አንዱን ለቀቀች፤ ከዚያ ሁለቱንም ለቃ ፀጉሯን አስተካከለች። ባሕሩ ፀጥ ብሎ ነበር። «እዩኝ! እዩኝ!» ትላለች፣ ሰው እንደሌለ እያወቀች። ደስታዋ ለእኔም ተረፈኝ። ወሬዬን ለቀቅኩት፤ አሣ አጥማጁ ጎረቤታችን ሚስቱን ስለሚፈራው ነገር ሁሉ አወራኋት።

ወንዙ ጋ ከመድረሳችን በፊት ማዞር ነበረብኝ። ልናዞር ስንል «እዚህ ጋ ፎቶ አንሺኝ፤ ባሕሩ ከኋላዬ ይታይ» አለችኝ። ስልኳን ተቀበልኳት። ፎቶ ሳነሳ ገመዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገዋለሁ፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማደርገው። ጭምት ቃጭሉ ካልተንቀሳቀሰ አይንቀሳቀስማ።

ባሏ ከፊት ነበር። መቀለድ አማረው መሰለኝ፣ ወይዘሮን በተረከዙ ነካት። ሮጠች። ቃጭሉ ጮኸ።

ጭምት ቃጭሉን ተከተለ። ገመዱ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ወረደ። ጠራሁት፤ ባሕሩ ይሁን ቃጭሉ ይሁን ድምፄን ዋጠው። ወይዘሮ የተቆረጠው አሸዋ ጫፍ ስትደርስ አየችውና ዘላ ወረደች። እሱ በዚያው በተለመደ እርምጃው፣ ሳይፈጥን፣ ሳያመነታ፣ አንገቱን ወደ ቃጭሉ አድርጎ ሄደና መሬት አጣ።

በጉልበቱ ወደቀ። እሷ በጭንቅላቱ በኩል ተወርውራ በቀኝ እጇ ላይ አረፈች። የእጇን ድምፅ ሰማሁት። ሮጬ ስደርስ ጭምት ተነስቶ ነበር። አንድ የፊት እግሩን አንስቶ ቆሟል። ተሰብሮ መስሎኝ ነበር፤ አልተሰበረም። እሷ ከሥሩ ትጮህ ነበርና ድምፅዋን ሰምቶ፣ የት እንዳለች ስላላወቀ እግሩን ሳያሳርፍ በአየር ላይ ይዞ ቆሞ ኖሯል። ስቤ ካወጣኋት በኋላ ነው ያስቀመጠው።

አያይም። አውቅ ነበር። ከቃጭሉ ቀን ጀምሮ አውቅ ነበር።

ጻፍኩት።

የካቲት 10፣ ሰኞ

የዳርቻው ቢሮ ተቆጣጣሪ መጣ። ልብስ ሰፊዋም ከባሏ ጋር መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። ሐኪሙ አንጓዋ በሁለት ቦታ ተሰብሯል ብሏታል። «መቀስ የምይዝበት ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለእትዬ። እትዬ ወንበር አመጣችላት። አልተቀመጠችም።

ተቆጣጣሪው ጨዋ ሰው ነው፤ አይጮህም። በመጀመሪያ ደንቡን ነገረን። የታመመ ፈረስ ላይ እያወቀ ሰው ያስቀመጠ ጋጣው ይዘጋል፤ ደህና ፈረስ በድንገት ደንብሮ ከሆነ አደጋ ነው፣ ያ ፈረስ ብቻ ከሥራ ይወጣል። ከዚያ ጠየቀ።

ባሏ አንገቱን ደፍቶ «እኔ ፊት ነበርኩ፤ አላየሁም» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልቀለደም መሰለኝ።

እሷ ግን ተናገረች። «ፈረሱ አልደነበረም። ምንም አላደረገም። ዝም ብሎ እየሄደ መሬቱ አለቀበት። ስወድቅ እንኳ ሊረግጠኝ ሲል እግሩን አንስቶ ጠበቀኝ። ፈረሱን አትቆጡት።»

ተቆጣጣሪው ብዕሩን አቆመ። «መሬቱ ሲያልቅ ፈረስ አያይም እንዴ?»

 ጋሼ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞራሉ። እትዬ መሬት መሬት ታያለች። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ ዞረ።

«አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ምን ሆነ?»

«ደነበረ» አልኩ።

«ምን አይቶ?»

«ማዕበሉን አይቶ።»

ልብስ ሰፊዋ አየችኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ግን እንዳየችኝ አውቃለሁ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ተቆጣጣሪው ጻፈ፣ ጋሼ ፈረሙ፣ እኔም ፈረምኩ። «ደንባራ ፈረስ ከእንግዳ ጋር አይገናኝም፤ በዚህ ሳምንት ይወገድ» ብሎ ሄደ።

ለእትዬ ብዬ ነው። ጋጣው ቢዘጋ እሷና ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው የት ይገባሉ? ለራሴ አይደለም። ለራሴ ቢሆን አላደርገውም ነበር።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

እትዬ ዕቃ ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ ማድረቅ ጀመርኩ። ብርጭቆዎቹ ሲያልቁ «እትዬ፣ ጭምት እኮ...» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ቃጭሉን ሳታስሪ በፊት። ባለቤቴም ያውቃል። አንቺ ብቻ የምታውቂ መስሎሽ ነበር?»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ዝም አይነቅዝም ብለን» አለች። «እኔ ብናገር እሱ ይሸጠዋል ብዬ ፈራሁ። እሱ ቢናገር አንቺ ትሰበሪያለሽ ብሎ ፈራ። አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

ሳህኑን አደረቅኩ። ስንቱን ቀን ሦስታችንም በየፊናችን ስንደብቅለት ኖረናል፤ ገንዳውን፣ ቃጭሉን፣ ማጎራጎሩን። አንዳችን አፋችንን ብንከፍት ኖሮ ሰው ሳናስቀምጥበት በግቢው ውስጥ ያረጅ ነበር። ወይም አያረጅም ነበር። አላውቅም።

እትዬ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «ተቆጣጣሪው ጋ ሄደሽ እውነቱን እናገራለሁ ብትዪ አልከለክልሽም» አለች። ሳትቆጣ ነው ያለችው። ቆማ ጠበቀችኝ።

ሳህኖቹን ወደ መደርደሪያ ወሰድኩ።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

መጣ፣ የመኪናው ሰውዬ።

ደንባራ ነው ስለተባለ ዱላና የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ ይዞ መጣ። ዓይኑ ካልተሸፈነ ደንባራ ፈረስ መኪና ላይ አይወጣም አለ። «አያስፈልገውም» አልኩት። «የእኔ እመቤት፣ ስንቱ ሰብሮኛል» አለ። «አያስፈልገውም አልኩህ!» ጮኼ ነው መሰለኝ፤ ጋሼ ቀና አሉ።

ጋሼ ቀርበው ጋማውን በጣታቸው አበጠሩለት። ከዚያ ወደ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

ገመዱን ይዤ ፊት ፊት መኪናው ላይ ወጣሁ። እያወራሁ። ጭምት መወጣጫው ጋ ሲደርስ ቆሞ እንጨቱን በኮቴው ዳሰሰ፤ ከዚያ ወደ ድምፄ ወጣ። ምን እንዳወራሁት እዚህ አልጽፍም። ከውስጥ ካሰርኩት በኋላም ጥቂት አወራሁ፤ ስወርድም እያወራሁ ወረድኩ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ጆሮው ወደ እኔ ነበር።

ሰውዬው «ይሄ ነው ደንባራ ያላችሁት? እንደ በግ አይደል እንዴ የገባው» አለ። ሞተሩን አስነሳ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ነበረ። ሠራሁ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ምንም።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ጋሼ አዲስ ፈረስ አመጡ። ወጣት ነው፤ እንደ ጭምት ዳማ። ከሩቅ የሚያየው ሰው አይለያቸውም። ዓይኑ ግን ሁሉንም ያያል። ወፍ ያያል፣ ቅጠል ያያል፣ እኔን ሲያይ ጆሮውን ያስተኛል። በጭምት ክፍል አስገቡት። ስሙን «አንቺ አውጪለት» አሉኝ። አላወጣሁለትም።

ወቅቱ ሊያልቅ ነው። እንግዳው እየሳሳ ነው። ጋሼ «ለጀማሪ የሚሆን አላችሁ?» ለሚሉት «ለጊዜው የለንም» በይ ብለውኛል። ይህን እያልኩ እውላለሁ። ዲስኩር የለም። ማታ ድምፄ አይዘጋም።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ልብስ ሰፊዋ ልትሰናበት መጣች። ዛሬ ይመለሳሉ። ባሏ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ግቢያችን መግባት አልፈለገም። ጀሶውን አልፈቱላትም። ሐኪሙ አጥንቱ ጠማማ ሆኖ ይገጥም ይሆናል፣ ጣቶቿ እንደ ድሮው ላይታጠፉ ይችላሉ ብሏታል። በግራ እጄ እለምዳለሁ አለች። ማንም በግራ እጁ እንደማይለምድ ሁለታችንም እናውቃለን።

ቦርሳዋን በግራ እጇ ከፍታ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አወጣች። «ፈረሱን ሰላም ልበለው ብዬ ነው። በእኔ ምክንያት ከሥራ ተባረረ አሉኝ።»

«እሺ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የለም ማለት እችል ነበር። ሄዷል ማለት እችል ነበር። ስትሄድ ተከተልኳት።

በጭምት ክፍል በር ላይ ቆመች። አዲሱ ዳማ ከጨለማው ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶን ነበር። «እንደምን ነህ የእኔ ጌታ» አለችው። እሱ ነው ብላ ነው። አላረምኳትም። ስኳሩን በግራ መዳፏ ዘርግታ፣ በጀሶ የታሰረውን እጇን በሩ ላይ ደገፍ አድርጋ ጠራችው።

ዞረ። ነጩን ጀሶ አየ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ወረወረ፣ በኋላ እግሮቹ ግድግዳውን ደበደበው። ስኳሩ ከእጇ ወደቀ። ይዣት ወደ ኋላ ሳብኳት፤ ልቧ በጀርባዋ በኩል እጄ ላይ ይመታ ነበር። እስኪረጋጋ ድረስ እንደዚያው ይዣት ቆምን።

ስትዞር ፊቷ ተለውጦ ነበር። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አለችኝ።

«ስለ ምን?»

«ያን ቀን ዋሸሽ ብዬ ነበር። ለባሌም፣ ለሐኪሙም፣ ያቺ ሴት ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸችብኝ እያልኩ አማሁሽ። ረገምኩሽም፤ አልዋሽሽም። ለካ አንቺ ነሽ ልክ። እኔ ደንግጬ ምኑንም አላየሁም። እግሩን አንስቶ ጠበቀኝ ያልኩትም በድንጋጤ የመጣብኝ ቅዠት ነው።»

አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ከፈትኩ። ባሏ ከመንገድ ላይ ጠራት፣ አውቶቡሱ ደርሷል አላት። እሷ ግን አልሄደችም። በግራ እጇ እጄን ይዛ ትጠብቃለች።

«ይቅር ሳትዪኝ አልሄድም» አለች።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት።